የተመለሰው ድሪያ

የምሥራች የልጇን እጅ አንጓ ይዛ ከተቀመጠች ቆይታለች። ሰው ወደ ድንኳኑ ሲገባ በአንድ እጇ ነጠላዋን ፊቷ ላይ እየሳበች ታለቅሳለች፣ ሰው ሲወጣ በዚያው እጇ ትሰናበታለች፤ ሌላው እጇ ግን ከኑኃሚን አንጓ አልተላቀቀም።

«ልጅቷን ደግፏት፣ እንዳትወድቅባችሁ» ይላል የሚገባው ሁሉ።

ኑኃሚን መውደቂያም አልነበራት። የተቀመጠችው ፍራሽ ላይ ነው፤ በአንድ ጎኗ እናቷ፣ በሌላ ጎኗ የፊት ለፊት ጎረቤታቸው፣ ከኋላዋ ደግሞ የግቢያቸው አጥር አለ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀች ዓመት አልፏታል። ያም ሆኖ በድሬዳዋ ሙቀት አንጓዋ በላብ ርሶ እንኳ «እማዬ፣ ልቀቂኝ» ለማለት አፏ አልታዘዘላትም።

የሞተችው የአባቷ ታላቅ እህት ዘነበች ናት። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ዘነበች ልብስ ሰፊዋን የማያውቅ አልነበረም። ኑኃሚን አባቷን ሰምታ «እታባ» ነው የምትላት። እታባ ቅዳሜ ስትቀበር ኑኃሚን ሐረር፣ የዘመድ ልጅ ክርስትና ላይ እያጨበጨበች ነበር። ሆን ተብሎ ነው የተላከችው። እታባ መታመሟን እንጂ እየከፋባት መሄዱን አልነገሯትም፤ ስትሞትም አልነገሯትም። እሁድ ማለዳ ዓይኗን ስትገልጥ የሐረር ዘመዶቿ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አልጋዋን ከበው ተቀምጠዋል። ማንም አፉን ሳይከፍት ሁሉም ገባት።

«እንዳትጎጂብን ብለን ነው» አለቻት እናቷ ድሬ ስትደርስ። «አንቺ ሆደ ቡቡ ነሽ። አፈር ሲመለስባት ማየቱን አትችይውም።»

ኑኃሚን የስለት ልጅ ናት። የምሥራች ብዙ ዓመት ልጅ አጥታ፣ ቁልቢ ገብርኤል ተስላ ነው የወለደቻት፤ የስለት ልጅ ደግሞ በዚያ ቤት እንደ ብርጭቆ ነው የሚያዘው። ትምህርት ቤት ስትገባ ዓምራን የሚባል ባለባጃጅ በኮንትራት ተያዘላት። ዩኒቨርሲቲ ስትገባም ዓምራን አልተቀየረም። በር ላይ ያወርዳትና ለአባቷ ይደውላል፤ «ጋሽ ሰይፈ፣ ገብታለች አቦ» ይላል፣ ጓደኞቿ ይስቃሉ። አምና ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያለ አንድ ፋብሪካ ለሒሳብ ክፍል ፈተና ሲጠራት ስልኩን ያነሳው አባቷ ነበር። «ሩቅ ነው፣ ይቅርባት» ብሎ ዘጋው፤ ለእሷ የነገራት እራት ላይ ነው። የደቻቱን ወንዝ መሻገርማ ጭራሽ የሚነሳ ጉዳይ አይደለም። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ቢሆንም፣ የምሥራች ከዓመታት በፊት ሰው የበላውን ጎርፍ አትረሳም። የከዚራ ልጅ ከወንዙ ማዶ፣ መጋላ፣ ምን ጉዳይ አለው ትላለች።

«ነፍሷን ይማር፣ በመጨረሻ ዓይኗ ደክሞ ነበር» አለች ጎረቤታቸው ከጎኗ ወዳለችው ሴት ዘንበል ብላ። ሹክሹክታዋ ድንኳኑን ሁሉ አዳረሰ። «ያ የተመሰገነ እጇ ተበላሽቶ፣ የሰፋችው ልብስ ይመለስባት ጀምሮ ነበር። የዚያችን የመጋላዋን ሶማሌ ድሪያ በየሳምንቱ ስትፈታ፣ ስትሰፋ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ እጅጌ ረዝሞ፣ አንዱ አጥሮ። ያሳዝናል።»

የኑኃሚን አባት ሰይፈ ሚካኤል ከወንዶቹ ጋር ካርታ ይዞ ተቀምጦ ነበር፤ ሰማና አንገቱን ደፋ። የእህቱ ስፌት የቤተሰቡ ኩራት ነው። አባታቸው ምድር ባቡር በሚሠራበት ጊዜ የጣቢያው አለቆች ሱሪያቸውን የሚያሳጥሩት እሷ ጋ ነበር። ያ ስም ለቅሶዋ ላይ እንዲህ ሲወራበት መስማት ሞቷ ላይ ሌላ ሞት ጨመረበት።

ኑኃሚንም ሰማች። እነዚያን ድሪያዎች ከማንም በላይ ታውቃቸዋለች፤ ይህን ግን ማንም አያውቅም።

«ለፋርሂያ ተነገራት?» አሉ ጋሽ ወልደጻድቅ በድንገት። የዕድሩ ዳኛ ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ባቡር ላይ የሠሩ ሰው።

ፋርሂያን በስም የማያውቅ የለም። ባቡሩ በሚሄድበት ዘመን ከጅቡቲ ጨርቅ እያመጣች ትሸጥ ነበር፤ ዘነበች ያንን ጨርቅ የሶማሌ ሴቶች የሚለብሱት ሰፊና ስስ ቀሚስ፣ ድሪያ፣ አድርጋ ትሰፋዋለች። ባቡሩ ቆመ፣ እነሱ አልቆሙም። አሁን ፋርሂያ ጉልበቷ አላራምድ ብሏት መጋላ ልጇ ቤት ገብታለች። የልጇን ቤት የሚያውቅ ከተቀመጡት መካከል አልተገኘም። ቁጥሯ ያለው ዘነበች ስልክ ላይ ነው፤ ስልኩ ደግሞ በዘነበች ጣት ካልሆነ አይከፈትም።

«ባይነገራትስ?» አለች የምሥራች። «ስኳር አለባት፣ ልቧም ደካማ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። አሁን ከምናስደነግጣት አርባው ይውጣና ቀስ ተብሎ ይነገራት።»

«እውነት ነው» አሉ ከወዲህም ከወዲያም። «አንዴ ተቀብራለች። አሁን ብትሰማ ምን ያደርግላታል?»

ኑኃሚን ፊቷ ጋለ። ልክ በዚህ ድምፅ፣ ልክ በእነዚህ ቃላት ስለ እሷም እንደተወሰነ ታያት። እዚሁ ተቀምጠው፣ እሷን ከሚወዱ ሰዎች ጋር ተማክረው።

«እኔ እነግራታለሁ» አለች።

ማንም አልሰማትም። ወሬው ስለ ስኳር በሽታ ሆኖ ነበር።

«እኔ እነግራታለሁ» አለች እንደገና።

«ውኃ ፈለግሽ የኔ ቆንጆ?» አለቻት ጎረቤታቸው።

ያኔ ኑኃሚን ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የምትጠቀምበትን ድምፅ አወጣች። ከዚህ ቤት ውስጥ ማንም ሰምቶት አያውቅም። «የኤዶ ፋርሂያን ቤት አውቀዋለሁ። ነገ ጠዋት ሄጄ እኔ እነግራታለሁ።»

ኤዶ፣ ሶማሌዎች የአባትን እህት የሚጠሩበት ነው። የምሥራች ቃሉን አልለየችውም፤ ቤት የሚለውን ግን ለይታለች። «የማንን ቤት? መጋላን ነው የምትይኝ? ደቻቱን ተሻግረሽ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድ ነበር፣ እማዬ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። እታባ ናት የምትልከኝ።»

የምሥራች ሁለት እጆቿን ራሷ ላይ ጫነች። የኑኃሚን አንጓ የተለቀቀው እንዲህ ነው።

«ጉድ እኮ ነው» አሉ ጋሽ ወልደጻድቅ ለራሳቸው ያህል። «ዘነበች ይህን ሁሉ ይዛ ነው የተኛችው?»

ቅዳሜ ቀን ኑኃሚን ብቻዋን እንድትውል የተፈቀደላት ቤት የእታባ ቤት ብቻ ነበር። ዓምራን ጠዋት ያወርዳታል፣ ማታ ይወስዳታል፤ በመካከሉ ያለውን ማንም አይጠይቅም። እታባ በረንዳዋ ላይ፣ በእግር የምትመታው ሲንጀር የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ፣ አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ ታዛት ነበር። መጀመሪያ ከጥግ ካለው ሱቅ ክር። ቀጥሎ ቀፊራ ገበያ ድረስ ቁልፍ። «ቁልፉን ሰውየው ይምረጥልኝ እንዳትዪ፣ አንቺ ምረጪ» ትላታለች። ኑኃሚን ከባለሱቁ ፊት ቆማ ቃል ሳታወጣ ስትመለስ አትቆጣትም፤ እንደገና ትልካታለች።

በኋላ መጋላ፣ ፋርሂያ ጋ። ያን ቀን ኑኃሚን ድሪያውን በፌስታል ይዛ የደጁ ብረት በር ፊት ቆመች። ማንኳኳት አቃታት። የሚያልፍ ሰው አዝኖላት ነው ያንኳኳላት። ፋርሂያ ድሪያውን ተቀብላ ገልብጣ አየችው፣ እጅጌውን ለካችው፣ መልሳ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው። «አንዱ ረዝሟል። መልሰሽ ውሰጂው» አለች።

«ሄደሽ ተከራከሪያታ» አለች እታባ ኑኃሚን ተሸማቅቃ ስትመለስ። «ትክክል ነው በያት።»

«ትክክል ካልሆነስ?»

«ካልሆነማ ተሸንፈሽ ትመጫለሽ። ምን አለበት?»

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። አንገቱ ጠበበ ትላለች ፋርሂያ፤ ጫፉ ተንጋደደ ትላለች፤ እጅጌው ረዘመ ትላለች። ኑኃሚን መጀመሪያ መሬት መሬት እያየች ይዛ ትመለሳለች። ከዚያ ሜትር ይዛ መሄድ ጀመረች። ከዚያ ፋርሂያ ፊት ለክታ ታሳያት ጀመር። አንድ ቅዳሜ «ኤዶ፣ አሁንስ አበዛሽው፣ ልክ ነው» ብላ ጮኸችባት፤ ጮኻ ስታበቃ በገዛ ድምፅዋ ደነገጠች። ፋርሂያ ሳቀችና ሻይ ቀዳችላት።

እታባ አንድ ልማድ ነበራት። ከበረንዳዋ የሚወጣን ሰው ታስቆመዋለች፣ ልብሱ ላይ የተረፈ ክር ትፈልጋለች፣ ጎንበስ ብላ በጥርሷ ትበጥሰዋለች። «በቃ፣ ሂጂ» ትላለች። ኑኃሚን ላይ ክር ሳይኖርም እንዲሁ ጎንበስ የምትልባት ቀን ነበር።

«መርዶ ልጅ ይናገራል እንዴ?» አለች የምሥራች ድንኳኑ ውስጥ፣ ወደ ጋሽ ወልደጻድቅ ዞራ። «እስቲ እርስዎ ይፍረዱ።»

«ልጅ እንዳልሆነችማ አሁን ሰማን፣ የምሥራች።»

«ልቧ አይችልም። የፋርሂያም፣ የእሷም።»

«እማዬ» አለች ኑኃሚን። ሰው ሁሉ እያያት ነበር፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ አላለም። «እታባ ላይ አፈር ሲመለስ እኔ ሐረር እያጨበጨብኩ ነበር። ይህን እስክሞት አልረሳውም። ለእኔ ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ኤዶ ፋርሂያ አንድ ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በር በሩን እያየች ልብስ ትጠብቅ? እንደዚያ አናድርጋት።»

የምሥራች ነጠላዋን ሳበች፤ ይህኛው ልቅሶ ከእስካሁኑ ዝቅ ያለ ነበር።

ጋሽ ወልደጻድቅ ተነሱ። «መርዶ በማለዳ ነው፤ ትልቅ ሰው ይሂድ ማለትም ደንብ ነው። ሰይፈ፣ አንተ ሂድ። መንገዱን የምትመራህ እሷ ናት፣ የምትናገረውም እሷ ናት። ፋርሂያ የምታውቀው እሷን ነው።»

በማግስቱ ማለዳ ዓምራን ባጃጁን አስነስቶ ደጅ ይጠብቃል።

«በእግር ነው የምንሄደው ዓምራን» አለችው ኑኃሚን። «በአሸዋው ይቀርባል።»

«አንቺ ደግሞ አሸዋውን ከየት አወቅሽው አቦ?» አለ ዓምራን።

አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ አባቷ እንደ ልማዱ ክንዷን ያዘ። ከኒም ዛፎቹ ጥላ ወጥተው ቁልቁል ወደ ደቻቱ ወረዱ። አሸዋው አፋፍ ላይ ሲደርሱ ግን ቆመ። ከጎርፉ ወዲህ ይህን ወንዝ የሚሻገረው በድልድዩ ነው፤ እሱም መኪና ውስጥ ሆኖ። አሸዋው ሙሉ በሙሉ ደረቅ ነበር፤ ሴቶች ሸራ ዘርግተው ማንጎና ሎሚ ይደረድራሉ።

«አባዬ፣ በዚህ በኩል ጠንከር ይላል» አለችና እጁን ከክንዷ ላይ አንስታ በእጇ ያዘችው። ተከተላት።

«አካም ቡልቴ፣ ኑኃ!» አለች አንዲት ማንጎ ሻጭ።

ኑኃሚን በኦሮምኛ መለሰችላት። ሰይፈ ሚካኤል ልጁን ዞሮ አያት።

«ቀመሪያ፣ አባቴ ነው» አለች።

«አባት አለሽ እንዴ?» አለች ቀመሪያ ማንጎዋን እየጠራረገች። «ሁልጊዜ ብቻሽን ስናይሽ እኛ የሙት ልጅ መስለሽን።» ከዚያ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ልብ አለችውና ሁለት ማንጎ አንስታ በሰይፈ ሚካኤል እጅ ላይ አኖረችለት።

ማንጎውን እንደያዘ የመጋላን ጠባብ መንገዶች ከልጁ ኋላ ኋላ ሄደ። እዚህ ሰፈር እሱን የሚያውቀው የለም። እሷን ሻይ የሚያፈሉት ያውቋታል፣ መስጊዱ ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ ያውቋታል፣ ሰላም ይሏታል፣ ትመልስላቸዋለች። ይህቺ ልጅ ቤት እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የምትገባዋ ልጅ ናት። ሰይፈ ሚካኤል ደስ ይበለው ወይም ይከፋው አላወቀም፤ ሁለቱም ባንድ ላይ ያዙት።

ፋርሂያ የማለዳ ሶላቷን ጨርሳ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ትቆጥር ነበር።

«ኑኃ? ዛሬ እኮ ቅዳሜ አይደለም፣ ሆዮ» አለች፣ እንደ ሶማሌ እናት እያቆላመጠቻት። ከዚያ ከልጅቷ ኋላ ያለውን ሰው አየች። ወደ ኑኃሚን እጅ ተመለከተች። «ልብሱስ?»

ኑኃሚን በመንገዷ ሁሉ የምትናገረውን ስታሰናዳ ነበር። ስለ ፈጣሪ ፈቃድ፣ ስለ ዕድሜ፣ ስለ መጽናናት። አንዱም አልመጣላትም። ከምንጣፉ ጠርዝ ተንበረከከች።

«ኤዶ፣ እታባ አረፈች።»

መቁጠሪያው ቆመ። ፋርሂያ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች።

«መቼ?»

«ቅዳሜ ተቀበረች።»

«አንቺ ቀበርሻት?»

«አልቀበርኳትም። እኔም ትናንት ነው የሰማሁት።»

ፋርሂያ ቀና ብላ ሰይፈ ሚካኤልን አየችው፣ ቀጥላ ልጅቷን። ነገሩን ለማወቅ ሌላ ጥያቄ አላስፈለጋትም። «ሁለታችንንም ደበቁን» አለች። «ነይ። ነይ እንግዲህ፣ ሁለታችን እናልቅስ።»

ኑኃሚን ከሐረር ጀምሮ ሲለቀስላት እንጂ እሷ ስታለቅስ አልነበረም፤ ሁሉ ሰው ስትወድቅ ሊይዛት ሲጠብቅ እንባዋ የት ይውጣ። አሁን የፋርሂያ ጭን ላይ ተደፍታ እስኪወጣላት አለቀሰች። ሊይዛት የመጣ አልነበረም። ሰይፈ ሚካኤል ማንጎውን ይዞ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር።

ቆይቶ ፋርሂያ ከትራሷ ሥር ፌስታል ሳበች። ጥቁር ሰማያዊ ድሪያ ነው፤ እታባ ከመታመሟ በፊት የላከችው።

«ይሄን ቅዳሜ ልመልስብሽ ነበር» አለች። «እጅጌው ረዝሟል።»

«ልክ ነው፤ ለክቼዋለሁ» አለች ኑኃሚን ሳታስበው፣ ከነእንባዋ።

ሁለቱም ተያዩ። ፋርሂያ እያለቀሰች መሳቅ ጀመረች። «ወላሂ ረዝሟል፣ ኑኃ። እሷ ናት ያስረዘመችው።»

«ዓይኗ ደክሞ ነው፣ እትዬ ፋርሂያ» አለ ሰይፈ ሚካኤል ቀስ ብሎ። «ይቅር በያት።»

«የማን ዓይን? የዘነበች?» ፋርሂያ ተቆጣች። «ተወኝ እስቲ አቦ! ያቺ ሴት መብራት ሲጠፋ ክር የምታስገባ ናት። ስማ፣ የእሷ ወንድም። ይቺ ልጅህ መጀመሪያ ስትመጣ አፏ አልከፈት አለ። ደወልኩላት፤ ‹ይቺ ልጅ አትናገርም እንዴ?› አልኳት። ‹ትናገራለች፤ የሚጠይቃት ሰው አጥታ ነው› አለችኝ። ‹የመጀመሪያውንም አውቄ ነው። እኔ አንድ ነገር እያበላሸሁ እልክልሻለሁ፣ አንቺ መልሺባት። ትከራከርሽ። እስክትጮኽብሽ ድረስ መልሺባት።› እኔም መለስኩ። ምን ላድርግ? ጮኸችብኝ፤ ያን ቀን ደውዬ ነገርኳት፣ እልል አለች።»

ኑኃሚን አፏን በእጇ ያዘች።

«ሰው እኮ ስፌቷ ተበላሸ ብሎ ያወራል» አለ ሰይፈ ሚካኤል። «ትናንት ለቅሶዋ ላይ ተወራ። ይህን አታውቅም ነበር?»

«ታውቃለች እንጂ። ነገርኳት እኮ፣ ‹ስምሽ እየጠፋ ነው ዘነበች› አልኳት። ‹ይጥፋ› አለች። ‹እስከዛሬ ስሜ ለእኔ ሠርቶልኛል፤ አሁን ትንሽ ለእሷ ይሥራላት።›»

ሰይፈ ሚካኤል ማንጎዎቹን መሬት ላይ አስቀመጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ብቻ ይታይ ነበር።

ፋርሂያ ለቅሶ ቤት ካልሄድኩ አለች። ድሪያውን ከነረጅም እጅጌው ለበሰችው፤ ኑኃሚን ልታጥፍላት ብትል «አትንኪው» አለቻት። ለጉልበቷ ሲባል ዓምራን ተጠራ፤ በድልድዩ ዞሮ መጣ። ፋርሂያን ደግፈው አስገቧት፣ ሰይፈ ሚካኤልም ከጎኗ ገባ። ለልጁ ቦታ ለቀቀላት።

ኑኃሚን አልገባችም። «እኔ በአሸዋው ልምጣ፣ አባዬ» አለች።

ሊናገር አፉን ከፈተ። የለመደው ቃል አፉ ላይ ነበር፤ ይታያል። ፋርሂያ ረጅሙን እጅጌዋን እየሰበሰበች ታየዋለች።

«እሺ» አለ። «ቤት እንገናኝ።»

ከዚያ ወደ ዓምራን ዞረ፤ «ንዳ እንጂ፣ ምን ታየኛለህ» አለው።

ኑኃሚን ደቻቱን ብቻዋን፣ ሳትደበቅ ስትሻገር የመጀመሪያዋ ነው። እስካሁን ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ፣ የሚያውቃት እንዳያያት እየፈራች ነበር የምታልፈው። ዛሬ ፊቷ እንደተገለጠ፣ በእንባ እንዳበጠ፣ መሀል መሀሉን ሄደች። ድልድዩ ዙር ስለሆነ ድንኳኑ ጋ የደረሰችው ከባጃጁ ቀድማ ነው።

የምሥራች ብቻዋን ስትገባ ስታያት ከፍራሹ ብድግ አለች። «አባትሽስ?»

«ይመጣል። በባጃጅ ስለሆነ ነው» አለች ኑኃሚን።

ጋሽ ወልደጻድቅ ሳቃቸውን በመሀረባቸው ያዙት። ለቅሶ ቤት ነው።

ሰልስቱ ቀን ፋርሂያ ከየምሥራች ጎን ዋለች። ስለ ድሪያው ለሰው ሁሉ የተናገረው ሰይፈ ሚካኤል ነው። በደንብ ቆሞ፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ፊት፣ እጅጌውን እያሳየ ተናገረ። ጎረቤታቸው እጅጌውን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ስፌቱን ገልብጣ አየች፤ «መርፌ አያስገባም፣ ጥብቅ ነው» አለች።

«ለምን ለእኔ አልነገራችሁኝም?» አለች የምሥራች ለፋርሂያ፣ ሰው ሲቀል።

«ብንነግርሽ ትልኪያት ነበር?»

«እፈራለሁ» አለች የምሥራች። «ሳያት እንኳ እፈራለሁ። ከበር ስትወጣ ልቤ አብሯት ይወጣል።»

«ፍሪ» አለች ፋርሂያ። «እኔም ልጆቼን እፈራላቸዋለሁ። መፍራቱን ማን ከለከለሽ አባዮ፣ እህቴ? እየፈራሽ ላኪያት።»

ድንኳኑ ፈርሶ፣ የዕድሩ ወንበር ተመልሶ፣ ቤቱ ለራሱ ሰዎች ሲቀር ቅዳሜ መጣ። ኑኃሚን ማለዳ እታባ ቤት ደርሳ ከበረንዳው መደርደሪያ ላይ ተሰፍተው ያለቁትን ልብሶች ይዛ ተመልሳ ነበር። የቀፊራ አሉ፣ የመጋላ አሉ፣ ቀሚሷን ለሠርግ ያዘዘች ኢፍቲን የምትባል ልጅም አለች። ባለቤቶቹን የምታውቃቸው እሷ ናት። በትልቅ ፌስታል ይዛቸው ወደ ግቢው በር ስትሄድ የምሥራች በሩ ጋ ቆማ አገኘቻት። ዓምራን ደጅ አልነበረም።

«አድርሼ እመጣለሁ፣ እማዬ» አለች ኑኃሚን። ፌስታሉን ወደ ሌላው እጇ አዛውራ ጨመረች፤ «ሰኞ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርክ እሄዳለሁ። ያ ፋብሪካ አሁንም ሰው ይፈልግ እንደሆነ ራሴ እጠይቃለሁ።»

የምሥራች በሩን አልከፈተችም። ግን አልዘጋችውምም።

«እታባ ሆስፒታል ሳለች ስለ አንቺ ጠይቃኝ ነበር» አለች። «ይሄን አልነገርኩሽም። ኑኃ የት ናት አለችኝ። ሐረር ናት አልኳት። ከማን ጋር ሄደች አለችኝ። አባትሽ ከእሷ ሥር አልነሳም ብሎ፣ የሚያደርስሽ ሰው አጥተን ነበር። በሚኒባስ ብቻዋን ላክናት አልኳት። የሾፌሩን ስልክ ይዤ፣ እዚያ መናኸሪያ ሰው አስቁሜ ነው፤ ግን ብቻሽን ነው የሄድሽው። ሳቀች። ያን ያህል ታማ፣ ዓይኗን ጨፍና ሳቀች። ‹እሰይ› አለች። እኔ ትኩሳቱ ነው ብዬ ግንባሯን ዳሰስኳት።»

ኑኃሚን ፌስታሉን ደረቷ ላይ አቀፈችው። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ አልፎ ሄደ።

ከዚያ የምሥራች በሩን ከፈተችው። ኑኃሚን በአጠገቧ ልታልፍ ስትል፣ «ቆይ» አለችና አስቆመቻት። ትከሻዋን ዳበሰች፤ ክር እንደምትፈልግ ሰው አንገትጌዋ አጠገብ ጣቷን አዘዋወረች። የኑኃሚን ቀሚስ ላይ ምንም ክር አልነበረም። የምሥራች ጎንበስ አለች፣ ፊቷን የልጇ ትከሻ ላይ አሳረፈች፣ የሌለውን ክር በጥርሷ በጠሰችው። ቀና ስትል ትከሻው ረጥቦ ነበር።

«በቃ» አለች። «ሂጂ።»